እግር ላይ የረጋ ደም ለልብም ማስጠንቀቂያ ነው!

ለመሆኑ አንድ እግርዎ ብቻ፣ ያለ ምንም ምክንያት አብጦብዎት ያውቃል? ባትዎ ተወጥሮ፣ ቆዳው ሞቅ ሞቅ ብሎ፣ መርገጥ አቅቶዎት ያውቃል? አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲገጥመው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ሌላው «ወለም ብሎኝ ይሆናል» ብሎ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ወጌሻውም ቅቤ ቀብቶ አጥብቆ ያሸዋል... ውስጥ ያለው የረጋ ደም ከሆነ ግን፣ አይበለውና፣ ማሸቱ ራሱ አደጋ ነው። የረጋው ደም ከተጣበቀበት ተላቆ ሽቅብ ሊጓዝ ይችላልና!

የሚጓዘው ደግሞ ወደ ልብ፣ በልብ አልፎ ወደ ሳንባ ነው። እዚያ ሲሰነቀር ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታ ያመጣል። ትልቅ ከሆነማ ሰውየውን ቆሞ ሲያወራ ሊጥለው ይችላል። ይህን ሐኪሞች ዘወትር ይናገሩታል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ብዙም ስለማይወራው ጉዳይ ነው። በሽተኛው ታክሞ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ «ተመስገን፣ ዳንኩ» ብሎ ቤቱ ከገባ በኋላስ? ነገሩ አበቃ ማለት ነው?

ደም ቅዳ እና ደም መልስ

ልብ ደም ወደ ሰውነት የሚልክባቸው ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ። ደሙ ወደ ልብ የሚመለስባቸው ደግሞ ደም መልስ ናቸው።

በደም ቅዳ ውስጥ ደሙ የሚሄደው በግፊት እየተምዘገዘገ ነው። የዚህ ቧንቧ ጠላት ስብ ነው። ስቡ በዓመታት ብዛት ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ቧንቧውን ያጠበዋል። አንድ ቀን ያ የተጋገረው ይሰነጠቅና ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያው ላይ ይረጋል። ልብ ላይ ሲሆን ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ይባላል።

በደም መልስ ውስጥ ግን ደሙ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከእግር ወደ ላይ የሚወጣው የባት ጡንቻ እየገፋው ነው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደሙ ይተኛል፣ የተኛ ደም ደግሞ ለመርጋት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ የሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ከቦምቡ ያመለጡ አንዳንድ ሰዎች ሳንባቸው በረጋ ደም እየተዘጋ ሞቱ! በዚያው ዓመት አንድ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ነገሩን አጥንቶ ጽፎታል።

በዚህ ልዩነት የተነሳ ሐኪሞች ሁለቱን በሽታዎች ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ሲያዩአቸው ኖሩ። የእግር ደም መርጋት የተኛ ሰው ጣጣ፣ ሃርት አታክ ደግሞ የስብ ጣጣ ነው ተባለ።

ዝምድናው እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ2003 የጣልያን ተመራማሪዎች እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸውን 299 ሰዎችና ይህ ችግር የሌለባቸውን 150 ሰዎች አንገት በአልትራሳውንድ አዩ። በአንገት በኩል ወደ አንጎል በሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ስብ ተጋግሮ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ደሙ ያለ ግልጽ ምክንያት ከረጋባቸው መካከል 47 በመቶ ያህሉ ላይ ስብ ተገኘ። ችግሩ ከሌለባቸው ግን 32 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። በቀዶ ጥገና ወይም በሌላ የታወቀ ምክንያት የረጋባቸው ደግሞ 27 በመቶ ሆኑ።

ትልቁ ወሬ የመጣው ከዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የ20 ዓመት የሆስፒታል መዝገብ አገላበጠ። ከ25 ሺህ በላይ እግራቸው ላይ፣ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ሳንባቸው ላይ ደም የረጋባቸው ሰዎች ከ163 ሺህ በላይ ከሆኑ ሌሎች ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። በመጀመሪያው ዓመት እግር ላይ የረጋባቸው ሰዎች ለሃርት አታክ ያላቸው አደጋ 1.6 እጥፍ፣ ለስትሮክ 2.2 እጥፍ ሆነ። ሳንባ ላይ የረጋባቸው ደግሞ 2.6 እና 2.9 እጥፍ። ከዚያ በኋላ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ከሌላው ሰው ከ20 እስከ 40 በመቶ በልጦ ተገኘ። በዚህ ጥናት ደሙ በታወቀ ምክንያት በረጋበትና ያለ ምክንያት በረጋበት ሰው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ወይ ጉድ! የእግሩ ደም ሄዶ የልብን ደም ቅዳ ይዘጋል ማለት ነው? አይደለም። ዋናው ግምት ሁለቱን በሽታዎች የሚጠሩ የጋራ ምክንያቶች አሉ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከልክ በላይ ወፍራም የሆነ ሰው ደም መልሱ ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ 2.3 እጥፍ ያህል፣ የደም ግፊት ያለበት 1.5፣ ስኳር ያለበት 1.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜም አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ከአራት ሰው በአንዱ ልብ ላይ በማኅፀን ሳለ የነበረች ትንሽ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ሳትደፈን ትቀራለች። አልፎ አልፎ የረጋ ደም በዚያች ሾልኮ አንጎል ይደርሳል።

ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። አንዳንዱ የደም ቅዳ መወፈር የእግር ደም መርጋትን አያመጣም ብሏል። «እጥፍ» የሚለው ቃልም አያስደንግጥዎ። ለምሳሌ ከ1,000 ሰው 5ቱን የሚይዝ በሽታ እጥፍ ሆነ ማለት 10 ሰው ያዘ ማለት ነው፤ 990ው ደህና ናቸው። ችላ አይበሉ፣ ግን አይሸበሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ማሸት የለም! ሐኪም ይየውና በአልትራሳውንድ ይመርመር። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋማ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ወር ነው። «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥም። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ጎመንን ልብ ይበሉ። ጎመን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። በጾም ጠዋት ማታ ጎመን፣ ጾሙ ሲፈታ ጭራሽ መተው... ይህ መድኃኒቱን ያዛባል። ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ወጥ ይሁን፤ የደም ምርመራ ቀጠሮም አይዘለል። በራስ ፈቃድ አስፕሪን መደረብ ደም ያስፈስሳል። ጥቁር ሰገራ ካዩ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሦስተኛ፣ ደም መልስን የሚጠቅመው ነገር ያው መንቀሳቀስ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር ሰው ከ12 ሰዓት በላይ ይቀመጣል። በየጊዜው ተነስቶ ይራመድ፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፣ ውኃ ይጠጣ። አራስም ብትሆን ሐኪም ካልከለከላት ቀን ሙሉ አትተኛ። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም በቀላሉ የሚረጋባቸው ናቸው። «አራስ አትነሳም» የሚሉ እናቶቻችን በፍቅር ነው፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ግን አይጎዳትም።

አራተኛውና ዋናው ይኸውላችሁ። ደም ረግቶባችሁ የዳናችሁ ሁሉ፣ ጉዳዩን እግር ላይ ብቻ አትተዉት። የደም ግፊታችሁ ስንት ነው? ስኳራችሁስ? በደማችሁ ውስጥ ያለው ስብ ተለክቶ ያውቃል? ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ከዚህ የተሻለ የማቆሚያ ምክንያት አያገኝም። ግፊትና ስኳር እስኪብሱ ድረስ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰሙም። እግሩ ግን በጊዜ ጮኾላችኋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ እግርዎን አይቶ «ደህና ነው» ሲልዎት ቶሎ ብለው አይነሱ። እጅጌዎን ሰብስበው ክንድዎን ለግፊት መለኪያው ያቅርቡ!

ቸር ይግጠመን!