ማስታወቂያ ሠሪው የት ያመሻል?

የአገራችንን የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ለአንድ ሳምንት በትዕግሥት የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ዕቃው ይለያያል፤ ዛሬ ሳሙና፣ ነገ የምግብ ዘይት፣ ከነገ ወዲያ የባንክ ቁጠባ። ቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፦ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ሶፋ፣ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ወጥ ቤት፣ ከመስኮቱ ባሻገር የሚታይ ፎቅ። አባት ላፕቶፕ ከፍቷል፤ እናት ብርጭቆ ይዛ ፈገግ ትላለች፤ ሁለት ልጆች ምንጣፉ ላይ ይቦርቃሉ። አያት የለችም። ከገጠር የመጣ የአክስት ልጅ የለም። ቡና ሊጠጣ ጎራ ያለ ጎረቤት የለም። ብዙው ተመልካች ግን የሚኖረው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ማስታወቂያ የሚሸጠው ምኞት ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ነገር ግን ምኞትም ዓይነት አለው። መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ የሚመኘው ቤት፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳት አስተማሪ የምትመኘው ሳሎን፣ ከሆሳዕና መጥቶ በግንባታ የሚሠራ ወጣት እናቱን ሊያሳርፍበት የሚመኘው ቤት አንድ አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ተመርጦ ስክሪን ላይ የሚወጣው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ማስታወቂያውን ትቶ ማስታወቂያውን የሚጽፈውን ሰው መከተል ይጠቅማል፤ ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ በምን እንደሚሳፈር፣ ቅዳሜና እሑድ ወዴት እንደሚወጣ።

ይህ ሰው በአመዛኙ ወጣት ነው። ኤጀንሲው ትንሽ ከሆነ ጽሑፉን ይጽፋል፣ የደንበኛውን የቲክቶክና የቴሌግራም ገጽ ያስተዳድራል፣ የቀረጻ ቀንም ያስተባብራል። ዳጎስ ያለ በጀት ያላቸው ደንበኞች የሚመጡት ከጥቂት ዘርፎች ነው፦ ባንክ፣ ቴሌኮም፣ መጠጥ፣ የቤት ፍጆታ፣ ሪል ስቴት። በእነዚህ ዘርፎች የሚደረግ አንድ ለውጥ የማስታወቂያውን መንደር ኑሮ ሁሉ ያናውጠዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ በቢራ ስፖንሰር ይኖሩ የነበሩ የመዝናኛ ፕሮግራሞች መሠረታቸው ተነካ። በግንቦት 2013 ቴሌብር፣ በመስከረም 2015 የሳፋሪኮም የአዲስ አበባ አገልግሎት፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ ሲመጡ በተራው አዲስ ገንዘብ ገባ። በሁለቱም ጊዜ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ቀድሞ የሚያውቀው ከሰው ጋር የሚውለውና የሚያመሸው ነው።

በወረቀት ደረጃ ሥራ የሚገኘው በጨረታና በፕሮፎርማ ነው። ሰነዱ ግን የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ምን ዓይነት ቀልድ እንደማይወዱ፣ የተባለው በጀት በእርግጥ ይኑር አይኑር፣ ያለፈው ዓመት ካምፔን ለምን እንደወደቀ የሚሰማው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በ11 ሰዓት ማኪያቶ ላይ፣ ወይም ዓርብ ማታ ከክትፎው በኋላ በሚመጣው ጃምቦ ላይ ነው። ይህን ሙስና ማለት ስሕተት ነው። የሚለዋወጡት መረጃ ነው፤ ያለ መረጃው ጥሩ ሥራ መሥራት ያስቸግራል። ስለዚህ ማምሸቱ መዝናኛ መስሎ የሚታይ ሥራ ነው። ልዩነቱ ደመወዝ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሒሳቡንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ወጣቱ ከራሱ ኪስ ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ የሌለውን ሥራ ሁሉም እኩል ሊሠራው አይችልም። የከተማው ኮንዶሚኒየሞች በብዛት የተሠሩት በዳር ነው፤ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ ታክሲ እየሳሳ ይሄዳል። ራይድና መሰሎቹ መፍትሔ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ነዳጅ በተከታታይ ሲጨምር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ኑሮው ሲከብድ፣ ከቦሌ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየምሽቱ መሳፈር ለጀማሪ ደመወዝተኛ የማይቀመስ ነው። የሴቶቹ ነገር ከዚህም ይብሳል። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ የሌሊቱ መንገድ ስጋት፣ «የት አመሸሽ?» የሚል ቤተሰብ፣ በማግስቱም የሚወራ ወሬ አለ።

ስለዚህ ምሽቱ ሲገፋ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀሩት እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ፦ መኪና ያላቸው፣ ቤታቸው ቅርብ የሆነ፣ ወይም ጠያቂ የሌላቸው። ከደንበኛው ጋር የሚቀራረቡት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህም ቀጣዩን ሥራ የሚመሩት እነሱ ይሆናሉ። ማንም ማንንም ላግልል ብሎ አላሰበም፤ የታክሲው ሰዓት ብቻ ወንፊቱን ሠራው። ከዚያ አንዱ «ቤተሰብ ቁርስ ሲበላ እናሳይ» ይላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቤት ይታየዋል። «እኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ የለም፤ ቁርስ የሚበላው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው» የሚል ሰው እቤቱ ገብቷል።

በእርግጥ የበጀት ምክንያትም አለ። ለቀረጻ የሚከራዩ ቪላዎች፣ የካሜራና የመብራት አከራዮች፣ ስቱዲዮዎች በጥቂት ሰፈሮች ተሰባስበዋል፤ መሣሪያ ጭኖ ወደ ኮልፌ መሄድ ተጨማሪ ወጪ ነው። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የኑሮውም የሥራውም ካርታ አንድ ሆኖ ሲገጥም ከካርታው መውጣት እጥፍ ድርብ ይከብዳል።

ከተማዋ ቀድሞ ለዚህ ችግር መድኃኒት ነበራት፤ ሰው የሚደባለቅባቸው ሰፈሮች። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ደላላው፣ ተማሪውና ቱሪስቱ አንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡባቸው ቤቶች አብረው ሄዱ። የካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት ፈንዲቃ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ለማስታወቂያ ጸሐፊ አዝማሪ ቤት ከመዝናኛነትም በላይ ነው። አዝማሪው የተቀመጠውን እንግዳ አይቶ፣ ልብሱንና ጠባዩን ገምቶ፣ በሁለት መስመር ቤት መትቶ ያስቀዋል፤ ካልሳቀም በቦታው ሌላ ይሞክራል። ሰሚን እያዩ መጻፍ ማለት ይኸው ነው። በሌላ በኩል ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና አረፍ የሚባልበት መብራት ያለው አደባባይ አምጥቷል፤ ቤተሰብ ከነልጁ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ሲንሸራሸር ይታያል። ሒሳብ የማይከፈልበት የምሽት ሕይወት ነው። ወጣቱ ባለሙያ ጆሮውን ይዞ ቢቀመጥበት ከካፌው ያልተናነሰ ያተርፋል።

መጓጓዣውም እንዲሁ ነው። የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰሚ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ፣ አንዷ ስልክ እያወራች፣ ሾፌሩ ከትራፊክ ጋር እየተፋጠጠ ነው ማስታወቂያው የሚሰማው። በስቱዲዮ ዝምታ የተቀረጸ ለስላሳ ድምፅ እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። በራይድ ኋላ ወንበር የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሄድ ጸሐፊ ይህን አያውቅም፤ ከሜክሲኮ ጀሞ ተጣቦ የሚሄደው ያውቃል። ተሳፋሪው ምን ሲሰማ ቀና እንደሚል፣ ምን ሲሰማ «ቀይረው» እንደሚል በጆሮው ሰምቷል።

የበዓል ሰሞን ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣል። የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ጳጉሜን ላይ መታየት ካለበት ቀረጻው ነሐሴ ላይ ይውላል። አደይ አልፈነዳም፤ ሰማዩም ዝናብ ያዘለ ነው፤ ስለዚህ አበባው ሰው ሠራሽ፣ ፀሐዩም የመብራት ይሆናል። የፋሲካው ዶሮ ወጥ በሁዳዴ ይቀረጻል፤ ከቀራጮቹ መካከል ጿሚው በዓይኑ ብቻ ያየዋል። በዓሉ ሲደርስ ባለሙያው የደንበኞቹን የመልካም ምኞት መልእክት በሰዓቱ ለመልቀቅ ስልኩን አይለቅም። የሚያሳዝነው፣ ማስታወቂያው ውስጥ የጠፋችው አያት፣ የአክስት ልጅና ጎረቤት በዚያ ቀን አጠገቡ መሆናቸው ነው። በዓመት ውስጥ እጅግ የበለጸገውን የጥናት ቦታ አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል።

ከከተማ መውጣትስ? የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ቢሾፍቱ የግማሽ ቀን ጉዳይ ሆናለች፤ በቴሌግራም የሚሰባሰቡ የጉዞ ቡድኖችም ወጣቱን ወደ ወንጪና ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ይወስዱታል። ለሰውነትም ለመንፈስም መልካም ነው። ለሙያው ግን ብዙ አይጨምርም፤ አብረው የሚሄዱት ያው ናቸውና የቦሌው ጠረጴዛ እንዳለ ተነሥቶ ሐይቅ ዳር ይዘረጋል።

የሚለየው የሥራ ጉዞ ነው፤ በሙያው አነጋገር «አክቲቬሽን» የሚባለው። ድምፅ ማጉያ የጫነ አይሱዙ በገበያ ቀን ከተማ ይገባል፤ ሠራተኞቹ ናሙና ያድላሉ። በዚያ የቆመ ጸሐፊ በቢሮ የማይነገረውን ያያል። ዘይት በሃይላንድ ተቀንሶ ይሸጣል። የሚፈለገው የዱቄት ሳሙና ትንሿ ከረጢት ናት። ገዢዋ ወደ ሱቁ የምትመጣው የዕቃውን ስም ይዛ ሳይሆን «የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ይዛ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ማስታወቂያ ባለ ሱቁ ነው። በአማርኛ ቤት እየመታ የሚያምረው መፈክር ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማልኛ ሲዞር ዜማው ጠፍቶ ደረቅ ቃል ብቻ እንደሚቀርም የሚታወቀው እዚያ ነው። ባለፉት ዓመታት በብዙ መንገዶች ያለው የጸጥታ ችግር ግን እንዲህ ያለውን ጉዞ አሳንሶታል፤ ብዙው ነገር ከአዲስ አበባ ሳይወጡ በግምት የሚጻፍ ሆኗል።

«ዛሬ ቁጥር አለ፤ ማን አየ፣ ማን ወደደ የሚለውን ቲክቶክ ይነግረናል» የሚል ክርክር ይነሣል። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚመልሰው ለተሠራው ነገር ብቻ ነው። አሥር ሰው ነጩን ሳሎን አይቶ አሥሩም ቢወደው፣ ያልተሠራው ሳሎን ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ቁጥሩ አይናገርም።

ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ ውድ አይደለም። ኤጀንሲዎች ማምሸትን ሥራ ብለው ቆጥረው መሳፈሪያውንና የምሽቱን ሒሳብ ይክፈሉ፤ ከተቻለም የደንበኛ ግንኙነቱን ወደ ቀን ያምጡት፤ ያኔ ታክሲ የሚያመልጣትም ትገኛለች። የገበያ ጉዞ ከስክሪፕቱ በኋላ ሳይሆን ከስክሪፕቱ በፊት በጀት ይያዝለት። ደንበኛውም ረቂቁን ከማጽደቁ በፊት ከጠረጴዛው ውጭ ላለ ሰው፣ ለሾፌሩ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለሰፈሩ ባለ ሱቅ ያንብበው። ይህን የሚያደርገው ለደግነት ብሎ አይደለም፤ ዕቃውን በብዛት የሚገዛው በ3 ሰዓት ታክሲ ወደ ቤቱ የገባው ሰው ነውና።