የጋፋት ወርክሾፕ ለምን ተዘጋ? የፈጠራ አመራር ውጥረት ከመድፍ ሠሪዎች እስከ ቪዲዮ ጌም ስቱዲዮዎች

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት በደብረ ታቦር አጠገብ የነበረውን የጋፋት የእጅ ጥበብ ማዕከል አመራርና አዘጋግ ይመረምራል። በራእይ ባለቤቱና በባለሙያዎቹ መካከል የነበረውን ውጥረት በአራት ነጥቦች ከፍሎ ካብራራ በኋላ፣ በዘመናችን በቪዲዮ ጌም ስቱዲዮዎች ከሚታየው ተመሳሳይ ውጥረት ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ጦርነትና የፖለቲካ ውድቀት ጋፋት የተዘጋበትን ጊዜ ቢያስረዱም፣ ከተዘጋ በኋላ ሙያው ለምን እንዳልቀጠለ ግን አያስረዱም የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተመለከተ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

የፈጠራ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ራእይ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በብዙ ሰዎች እጅ ነው። ራእዩ ያለው ሰው ሙያው አይኖረው ይሆናል፤ ሙያው ያለው ሰው ደግሞ ራእዩን ላይጋራ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ውጥረት በአግባቡ ሲያዝ አዲስ ነገር ይወልዳል፤ ሳይያዝ ሲቀር ግን ሥራውንም ሠሪውንም ይበትናል።

ጉዳዩ ዛሬ በሰፊው የሚነሣው በቪዲዮ ጌም ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው። በሥራቸው የተመሰገኑ ስቱዲዮዎች ጌሙ ለገበያ በቀረበ በጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ውስጥ ሲዘጉ ይታያል። ነገር ግን የችግሩ ባሕርይ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ከ150 ዓመታት በፊት የዚህኑ ውጥረት ሙሉ ታሪክ አስተናግዳለች። ለደቡብ ጎንደር ተመራማሪ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ ጠባሳው በደጁ ነው።

2. የማዕከሉ አመሠራረት

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ከነገሡ በፊት በ1848 በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸንፈው ነበር። በዚያ ውጊያ የመድፍን ኃይል በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ዘመናዊ መሣሪያን ከውጭ ማስገባት ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ መሥራት የመንግሥታቸው ዋነኛ ዓላማ ሆነ። ለዚህ ዓላማ የሚሆኑ ሰዎች ግን የመጡት በሌላ መንገድ ነበር።

በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት፣ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ እንዲላኩ አደረጉ። እነዚህ ወጣቶች የእጅ ሙያ ያላቸው ምእመናን ነበሩ፤ ታስቦ የነበረውም በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነው። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝሌን በ1850ዎቹ አጋማሽ ደረሱ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ሳልሙለር ተከተሏቸው። ሞሪትዝ ሆል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ባለሙያና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እነዚህን ሰዎች በጋፋት አሰፈሯቸው፤ ቤት ሰጧቸው፤ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ተማሪዎችም አብረዋቸው እንዲሠሩ አደረጉ። በመንደሩ ወጣቶች ንባብን ከእጅ ሙያ ጋር የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበር።

ይህ እርምጃ ከማኅበራዊ ታሪክ አንጻር ቀላል አይደለም። በዘመኑ ብረት ቀጥቃጭ በቡዳነት የሚጠረጠር፣ ሸማኔና ፋቂ ከመሬት ባለቤት በታች የሚታይ ነበር። የአገሪቱ ንጉሥ ባለእጆችን በመናገሻው አጠገብ አስፍሮ መሸለሙ ለሥራ ያላቸውን የተለየ አመለካከት ያሳያል። ሆኖም ክብሩ በቅድሚያ የደረሰው ለውጭዎቹ ባለሙያዎች እንጂ ለአገሬው ቀጥቃጭ አልነበረም።

3. አራቱ ውጥረቶች

3.1 ራእይና ሙያ

ባለሙያዎቹ መንገድ መሥራትን፣ ቤት መገንባትን፣ መሣሪያ መጠገንን ይችሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት ግን መድፍ ነበር። ዋልድማየር በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚገልጸው፣ ሙያው እንደሌላቸው ቢያስረዱም ተቀባይነት አላገኙም፤ እስኪሞክሩ ድረስም አገልጋዮቻቸው ታሰሩ።

መድፍ መሥራት በሙከራ ብቻ የሚወጡት ሥራ አይደለም። ነሐሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ መፍሰስ አለበት። ምድጃው በቂ ሙቀት ካልሰጠ ነሐሱ ከመንገድ ይረጋል፤ የጭቃው ቅርጽ እርጥበት ከያዘ ደግሞ እንፋሎቱ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። መሪው ውድቀቱን እንደ ለግመኛነት ሊያየው ይችላል፤ ሠሪው ግን ውድቀቱን እንደ ትምህርት ይቆጥረዋል። በጋፋት ሁለቱ አመለካከቶች የሚታረቁበት መንገድ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሥራውን አስቸጋሪነት የሚመዝን ሦስተኛ ወገን አልተገኘም።

ከዚህም ሌላ የሕሊና ጥያቄ ነበረ። መጽሐፍ ቅዱስን ሊያሠራጩ የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆኑ። ሥራው ከተመሠረተበት ዓላማ ወጥቶ ወደ ሌላ ዓላማ ሲዞር ባለሙያው በእጁ ይሠራል፤ ልቡ ግን ከሥራው ይርቃል።

3.2 ስኬት የወለደው ጥያቄ

ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ሥራው ተሳካ። ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተደሰቱ፤ ባለሙያዎቹንም ሸለሙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ስኬት የሚቀጥለውን ጥያቄ አሳደገ፤ ትንሹ መድፍ ሲሳካ ከእርሱ የሚበልጥ ታዘዘ። የዚህ ሂደት ማብቂያ ሴባስቶፖል ነው። በክሪሚያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ የተሰየመው ይህ መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል።

ሴባስቶፖል የሙያ ድል እንደ ነበር አያጠራጥርም። ከስልት አንጻር ግን የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። የሠራዊቱ ችግር የአንድ መድፍ መጠን አልነበረም፤ በየአውራጃው የተነሣው ዐመፅና የሰው ኃይል መሸርሸር ነበር። የፈጠራ መሪ የሚታየውን ታላቅ ሥራ ከሚያስፈልገው መካከለኛ ሥራ ሲያስበልጥ የማዕከሉ ጉልበት ሁሉ በአንድ ግብ ላይ ይፈስሳል። ያ ግብ ካልጠቀመ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

3.3 አንድ ደንበኛ፣ አንድ መግቢያ በር

ጋፋት ጥሬ ዕቃ፣ ምግብ፣ ገንዘብና ጥበቃ ያገኝ የነበረው ከአንድ ሰው ነው። ሥራውንም የሚረከበው ያው ሰው ነበር። ስለዚህ የማዕከሉ ዕድሜ ከንጉሠ ነገሥቱ ዕድል ጋር ተቆራኘ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው የጋፋትን የዕውቀት ወሰን ያውቁ ነበር። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልስ አለማግኘታቸው ቅራኔውን ጀመረ፤ በ1864 ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። ሆርሙዝድ ራሳም በ1866 መጀመሪያ መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹና መሣሪያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተደረገ፤ በመጨረሻም ተመለሱ። ማዕከሉን ሊያሻግር የሚችለው ዕውቀት በር ላይ ደርሶ ቀረ። እስረኞቹን ለዕውቀት መያዣ ማድረግ ዕውቀቱን ራሱን አስቀረ።

3.4 ዕውቀቱ በማን ዘንድ ይቀራል?

ስለ ጋፋት የምናውቀው በአብዛኛው አውሮፓውያን ከጻፉት ነው። ዋልድማየር፣ ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ የጻፉት ከእስር ከተለቀቁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቃላቸው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ከዚያ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ቅርጹን ያቦኩት ኢትዮጵያውያን ስም በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሥራቸው ተጠቅሷል፤ ዕውቀታቸው ግን አልተመዘገበም።

4. የመዘጋቱ ሂደት

በ1866 እና በ1867 የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት እየጠበበ በደብረ ታቦርና በመቅደላ ዙሪያ ተወሰነ። በ1867 አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች በጥርጣሬ ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ፤ ነጻነታቸውንም አጡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደብረ ታቦር በእሳት ተቃጠለች፤ ሠራዊቱም መድፎቹን ይዞ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ።

ይህ ጉዞ ራሱ የምሕንድስና ሥራ ነበር። መድፎቹን የሚሸከሙ ሠረገላዎች ተሠሩ፤ ለሠረገላዎቹ መንገድ ተቆረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ድንጋይ በማንሣት ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየሳቡ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች አሻገሩ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በመጋቢት 1868 መጨረሻ መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጠፉ። ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም፤ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ባለሙያዎቹ ከተፈቱ በኋላ ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በሊባኖስ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ቆይቶም የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ እንዲቋቋም ደከመ። ሞሪትዝ ሆል በያፋ ኖረ። ሙያቸውና ልምዳቸው ለሌላ አገር ጠቀመ።

5. ከጌም ስቱዲዮዎች ጋር ያለው ንጽጽር

የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ክሎቨር የተባለ ስቱዲዮ ነበረው። በ2006 ያወጣው ኦካሚ የተሰኘ ጌም በጥበቡ ተደነቀ፤ ሽያጩ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ስቱዲዮው በ2007 ፈረሰ። ዋናዎቹ ባለሙያዎች ግን አንድ ላይ ወጥተው በኋላ ፕላቲነም ጌምስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ ጠፋ፤ ዕውቀቱ አብሮ ቆየ።

በአሜሪካ የነበረው ኢራሽናል ጌምስ ሌላውን መልክ ያሳያል። በ2013 ባዮሾክ ኢንፊኒት የተሰኘውን ታላቅ ጌም ካወጣ በኋላ፣ የፈጠራ መሪው ኬን ሌቪን በ2014 አብዛኞቹ ሠራተኞች እንደሚሰናበቱና ከ15 የማይበልጡ ሰዎች ይዞ ወደ አነስተኛ ሥራ እንደሚዞር አስታወቀ። እዚህ ላይ ስቱዲዮውን የዘጋው የሥራው መጠን ከመሪው ፍላጎት ጋር አለመጣጣሙ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ታንጎ ጌምዎርክስ ነው። በ2023 ሃይ-ፋይ ረሽ በተሰኘው ጌሙ ከተመሰገነ በኋላ፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ክራፍተን የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ተረከበው። ስኬት ዋስትና አልሆነም፤ ዋስትና የሆነው ሁለተኛ ደንበኛ መገኘቱ ነው። ጋፋት ያጣው ይህንኑ ነበር።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። የጌም ሠሪ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ የጋፋት ሠሪ ግን አይችልም ነበር። ማስገደድ ያለበትን ሥራ እንደ ተራ የአመራር ስሕተት መቁጠር ታሪኩን ማቅለል ይሆናል። በሌላ በኩል ዐፄ ቴዎድሮስን ግትር መሪ ብሎ ብቻ ማለፍም አይበቃም፤ በዙሪያቸው የነበረው ዓለም መሣሪያ ይሸጥ እንደ ሆነ እንጂ ዕውቀት ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም።

6. መደምደሚያ

ማዕከል መዘጋቱ ብርቅ አይደለም፤ የፈጠራ ተቋማት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አጥፊው ነገር ዕውቀቱ ለተተኪ ሳይተላለፍ መዘጋቱ ነው። በጋፋት ዕውቀቱ በጥቂት የውጭ ሰዎች ራስ ውስጥ፣ ፍላጎቱ በአንድ መሪ ልብ ውስጥ፣ ጉልበቱ ስማቸው ባልተጻፈ ሠራተኞች እጅ ውስጥ ተከፋፍሎ ነበር። ሦስቱን የሚያገናኝ ተቋም ስላልነበረ መሪው ሲወድቅ ሁሉም ተበተነ።

ጉዳዩ ዛሬም ሕያው ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ሰይሟል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን የመሳሰሉ የስልክ ጌሞችን በመሥራት ዘርፉ በአገራችን እንደሚቻል አሳይቷል። በእነዚህ ተቋማት ለሚማሩና ለሚሠሩ ወጣቶች የጋፋት ትምህርት ሦስት ነገር ይመክራል፦ የሥራው ሂደት ገና ሥራው ሳያልቅ ይመዝገብ፤ ከአንድ በላይ ደንበኛ ይፈለግ፤ የሠሪው ሁሉ ስም ከሥራው ጋር ይጻፍ። መድፉ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያውቀው እጅ ግን የለም። ስሙን የወረሰ ተቋም ከስሙ በላይ የሚወርሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ነው።