የመናፈሻ ጎዳናን ወደ ቀድሞ ጠባዩ ስለ መመለስ

«ፓርክዌይ» የሚለው ቃል ዛሬ በአሜሪካ ለብዙ ዓይነት ሰፊ የመኪና መንገድ ይሰጣል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቃሉን ያስለመዱት የመናፈሻ ንድፍ ሊቃውንት ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ግን በእርሱ የሚያመለክቱት ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም መናፈሻን ከመናፈሻ የሚያገናኝ፣ በዛፍና በሣር የተዋበ፣ ራሱም የመናፈሻው አካል የሆነ ጎዳና ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለውን ጎዳና መልሶ ማቋቋም ምን እንደሚጠይቅ የቡፋሎን ከተማ አብነት በማድረግ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሊቃውንት ከ1868 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ቡፋሎ መናፈሻዎችን በጎዳና ያስተሳሰረ ሥርዓት ዘረጉ። ከጎዳናዎቹ አንዱ የሆነው ሐምቦልት ፓርክዌይ 200 ጫማ ያህል ስፋት ሲኖረው፣ መካከሉ በረድፍ በተተከሉ ዛፎች የተሸፈነ ነበር። በ1960ዎቹ ግን ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ብዙ ቤቶችም ፈርሰው፣ ኬንሲንግተን የተባለው ፈጣን መንገድ ወደ ምድር ጠልቆ ተቆፈረበት። ስካጃኩዋዳ የተባለው ሌላ ፈጣን መንገድም ዴላዌር የተሰኘውን መናፈሻ ለሁለት ከፈለው። ጥቅሙን ያገኘው ከከተማው ዳርቻ የሚመላለሰው ባለ መኪና ሲሆን፣ የኬንሲንግተን ጉዳት ያረፈው ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት በሚኖሩበት በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ላይ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጎዳናውን ጠባይ የለወጠው በመሠረቱ ፍጥነት መሆኑ ነው። ለፍጥነት የተሠራ መንገድ ሰፊ መስመርና ለዘብ ያለ ጥምዝ ይሻል፤ ዛፍና የእግረኛ መሻገሪያ እንቅፋት ይሆኑበታል። በ2015 ከስካጃኩዋዳ የወጣ መኪና በመናፈሻው ውስጥ የነበረ የ3 ዓመት ሕፃን ገደለ። የግዛቱ ገዥም የፍጥነቱ ወሰን ከ50 ወደ 30 ማይል እንዲወርድ ወዲያው አዘዙ። ይሁን እንጂ ምልክቱ «ቀስ በል» እያለ የመንገዱ ቅርጽ «ፍጠን» የሚል ከሆነ፣ አሽከርካሪው ይበልጥ የሚታዘዘው ቅርጹን ነው። ስለዚህ መስመሩን ማጥበብ፣ ዛፉን ወደ ጠርዙ ማቅረብ፣ መሻገሪያዎችንም ማብዛት ያስፈልጋል።

በኬንሲንግተን ላይ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በ2022 የግዛቱ መንግሥት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል በሚፈጅ ወጪ የመንገዱን ከፊል በዋሻ ሸፍኖ በላዩ ዛፍ የመትከል ዕቅድ አስታወቀ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዕቅዱን በደስታ ሲቀበሉ፣ ሌሎች ግን ፈጣኑ መንገድ ከሥር መቅረቱን፣ ጭሱም በዋሻው አፍ መውጣቱን በመቃወም እስከ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። በእኛ አስተያየት የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ሚዛን ይደፋል፤ ዛፍ መትከል ገጽን ይመልሳል፣ ጎዳናን የሚመልሰው ግን መንገዱ የተሠራለትን ዓላማ መለወጥ ነው።