እውነት ወይስ ተረት? የተሸረፈ ጥርስና ቦንዲንግ

የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ሰው ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ላሠራው ብሎ ሲነሳ ደግሞ ስለ ቦንዲንግ (የጥርሱን ቀለም በሚመስል ነገር ለጥፎ ስለ መጠገን) የሚሰማው ወሬ ያስፈራዋል፤ ወይም ከልክ በላይ ተስፋ ይሰጠዋል።

«ጥርስህን ሞርደው ጨርሰው ነው የሚለጥፉልህ።»

ተረት። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ቦንዲንግን ከክራውን ጋር እያምታቱ ነው። ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ ቆብ) ለመግጠም ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ የተሞረደ ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። በቦንዲንግ ግን ከጥርሱ የሚነካው እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪሙ ጥርሱን አጽድቶ 37 በመቶ ገደማ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ያቆይበትና ያጥበዋል። አሲዱ ኢናሜሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ ማጣበቂያው እዚያ ሰርጎ ይይዛል። ከዚያ የጥርሱን ቀለም የሚመስለውን ኮምፖዚት በስሱ እየደራረበ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል፣ ቅርጽ ያወጣለታል፣ ይወለውለዋል። ሥራው ኢናሜሉን ብቻ የሚነካ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልግም። በአሲድ የማጣበቁን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1955 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሙከራ አይደለም።

«አንዴ ከተሠራ በቃ፣ ዕድሜ ልክ ነው።»

ይህም ተረት ነው። እንደ አያያዙ ከጥቂት ዓመታት እስከ አሥር ዓመት ገደማ ያገለግላል። ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት፣ ጥፍሩን የሚበላ ወይም ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ቶሎ ይሸርፈዋል። ቡና፣ ሻይና ሲጋራም ቀለሙን ይቀይሩታል። ደግነቱ የተሸረፈውን ቦታ ብቻ መጠገን ብዙውን ጊዜ ይቻላል።

«መጀመሪያ ላሠራው፣ በኋላ አስነጣዋለሁ።»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ማንጫው ኮምፖዚቱን አይለውጠውም፤ ጥርሱ ነጥቶ ጥገናው እንደነበረ ይቀራል። ማስነጣት ይቅደም፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየት ያስፈልጋል፤ ወዲያው ከተሠራ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም።

በቦንዲንግ ፍንጭትም ይደፈናል። ግን ፍንጭት በሽታ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ውበት ነው። ባለቤቱ ካልፈለገ ማንም ሊገፋፋው አይገባም።

«የበለዘ ጥርስ ያልተፋቀ ጥርስ ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሰውን በማያውቀው ጥፋት ያሸማቅቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ብዙዎች ጥርሳቸው የበለዘው በልጅነታቸው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ስለጠጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ፣ ገና ሲሠራ ነው። ስለዚህ አዋቂ ሆኖ ወደዚያ የሄደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ እዚያ ያደገው ደግሞ የቱንም ያህል ቢፍቅ አይለቅለትም።

ቦንዲንግ ይህን ቀለም ሊሸፍን ይችላል። ይሁን እንጂ ፍሎራይድ የበዛበት ኢናሜል አሲዱን ይቋቋማል፤ በተለመደው ጊዜ በቂ ቀዳዳ ስለማይከፈትበት ጥገናው ሊላቀቅ ይችላል። ሐኪሙ አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ወይም የላይኛውን ስስ ንጣፍ ማንሳት ይኖርበታል፤ ጥርሱ ክፉኛ ከተቦረቦረ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሽፋን ይመርጥ ይሆናል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የት እንዳደጉና ልጅ ሳሉ የጉድጓድ ውሃ ይጠጡ እንደነበር አስቀድመው ይንገሩት።