ስለ ዓባይ ማን ይጠየቃል?

በ1918 ዓ.ም. ክረምት ስለ ጣና ውኃ በፓርላማ ጥያቄ ተነሥቶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ መልስ ሰጥተውበታል። ፓርላማው የለንደኑ ነበር፤ መላሹም የእንግሊዙ ሚኒስትር ሰር ኦስተን ቼምበርሌይን። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ፣ መንግሥታቸው ከሙሶሊኒ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጦ ነበር። የደብዳቤው ፍሬ ነገር «እከክልኝ ልከክልህ» ነው፦ እንግሊዝ በጣና መውጫ ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ትደግፋታለች፤ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ትደግፋታለች። የሐይቁን ባለቤት ግን ማንም አልጠየቀም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል ለሆነችበት ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ለማስረዳት ተገደዱ። የለንደን ምክር ቤት አባላት የራሳቸውን ሚኒስትር ሲጠይቁ፣ ራስ ተፈሪን «ምን ብለው ጻፉ? ምን መልስ አገኙ?» ብሎ የሚጠይቅ ፓርላማ ኢትዮጵያ ውስጥ ገና አልነበረም።

ያ ጉድለት ከተሞላ ዘመናት አልፈዋል፤ ጥያቄው ግን በሌላ መልኩ ቀጥሏል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ስለ ዓባይ ሲናገር፣ ጠያቂው በእርግጥ ምን ሊለውጥ ይችላል? ለጎጃም ሰው ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ ጣናን አልፎ በባሕር ዳር ሲወጣ ጎጃምን ከምሥራቅና ከደቡብ ዞሮ፣ አቅፎት ነው የሚሄደው። ከጮቄ ተራሮች የሚወርዱት ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ጨሞጋም መጨረሻቸው እሱው ነው።

ፊርማው ሲቀድም

ዳራው የሚጀምረው ከግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያን ዕለት ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት የድንበር ውል ውስጥ ስለ ውኃ አንድ አንቀጽ ገባ፤ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል። ኋላ ላይ የኢትዮጵያ ሕግ ዐዋቂዎች ክርክር «የሚያቆም» በሚለው ቃል ላይ ቆመ። ማቆም መዝጋት ነው፤ ከውኃው መጠቀምን ግን ውሉ አልከለከለም አሉ። አንዲት ቃል ለመቶ ዓመት ክርክር በቃች። ውሉ ሲፈረም ቃሏን የሚመረምር፣ «ይህቺ ምን ማለት ናት?» የሚል ምክር ቤት አልነበረም።

የመጀመሪያው ፓርላማ በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አባላቱ ግን በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት ሕዝብ እንዲመርጣቸው ፈቀደ። የውጭ ግንኙነት የበላይ አመራር በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቢቀርም፣ ግዛትን የሚነኩ ወይም የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጡ ውሎች ለሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲቀርቡ ደነገገ። የመጀመሪያው ምርጫ በተካሄደበት በመስከረም 1950 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግዛቷ ባለው የዓባይ ውኃ የመጠቀም መብቷን እንደጠበቀች በካይሮ ላሉ ኤምባሲዎች በጽሑፍ አስታወቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1952 ዓ.ም.፣ ግብፅና ሱዳን ውኃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ተካፈሉት። ከአስዋን ከሚደርሰው ውኃ 86 በመቶ ያህሉ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በክፍፍሉ ላይ አልተጠራችም።

ጎጃም በዚያን ጊዜ ለዲፕሎማሲው ሰው አላጣም። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ገበሬው ግን ያን ፓርላማ የሚያስታውሰው በዓባይ ጉዳይ አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. ለአመፅ ባስነሣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው።

ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲገባ

ዛሬ የሚሠራው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ ሁለት መሣሪያ ሰጥቶታል። አንደኛው ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን ነው። ሁለተኛው አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን ነው። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

መጠየቁ በተግባር የሚካሄደው በሪፖርት ዙሪያ ነው። ሚኒስቴሩ የስድስት ወር፣ የዘጠኝ ወር ወይም የዓመት ዕቅድ አፈጻጸሙን ይዞ ይቀርባል። የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰነዱን ያያል፤ አባላት ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ ሚኒስትሩ ጥያቄዎቹን ሰብስበው በአንድ ላይ ይመልሳሉ። በሪፖርቱ ውስጥ የጎረቤት ግንኙነት፣ የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ፣ በውጭ ያሉ ዜጎች መብት፣ ዳያስፖራና የገጽታ ግንባታ የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ወንበር የያዙት ዶክተር ጌዲዮን ጢሞቴዎስ ናቸው።

የአሠራሩ ድክመት ያለው እዚሁ ላይ ነው። አሥር ጥያቄ ባንድ ላይ ሲቀርብ መላሹ የሚመቸውን መርጦ ያብራራል፤ የማይመቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። «ጥያቄዬ አልተመለሰም» ብሎ የሚነሣ አባል ካልተገኘ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። «ብሔራዊ ጥቅማችንን ባስከበረ መልኩ እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ለዓባይም፣ ለቀይ ባሕርም፣ ለድንበርም እኩል ይሠራል፤ ለሁሉም የሚሠራ መልስ ደግሞ አንዱንም አይመልስም።

ሌላም ነገር አለ። ትልልቁ የውጭ ጉዳይ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይሆን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የውጭ ፖሊሲውን አፈጻጸም በበላይነት የመከታተሉን ሥራ ለእሳቸው ሰጥቷል። በኅዳር 1997 ዓ.ም. መንግሥት በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው ኮሚሽን ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር የሰጠውን ውሳኔ በመርህ ደረጃ መቀበሉን የያዘውን ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ሐሳብ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የሶማሊያን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት በተመለከተ አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ የፈቀደውም በእሳቸው ጥያቄ ነው።

ማጽደቁ የተናገረበት ቀን

ሁለተኛው መሣሪያ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚሰማ ድምፅ አለው። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ተከፈተ፤ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ በዕለቱ ፈረሙ። ስምምነቱ የቆመው «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» በሚለው መርህ ላይ ነው። ግብፅና ሱዳን ግን ነባር ድርሻችን በስምምነቱ ውስጥ ይጠበቅልን ብለው ከፊርማው ቀሩ።

ፊርማው በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት ተኛ። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የዓባይ ወንዝ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥፍራ አቅጣጫውን እንዲቀይር ተደረገ። በሳምንቱ ካይሮ ውስጥ ፖለቲከኞች ከፕሬዚዳንት ሙርሲ ጋር ተቀምጠው ግድቡን ስለማሰናከል ሲመክሩ፣ ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን እየተላለፈ መሆኑን የማያውቁ ነበሩ። ሰኔ 3 ቀን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ከዓባይ አንዲት ጠብታ ብትጎድል በደም እንደምትተካ ዛቱ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 6፣ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማዕቀፍ ስምምነቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከማጽደቁ በአምስተኛው ቀን የግብፅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከአቶ መለስ ሞት በኋላ የውጭ ጉዳዩን ከያዙት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ጋር አዲስ አበባ ላይ መግለጫ ይሰጡ ነበር።

ዛቻውን ያበረደው ማጽደቁ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቀኖቹን አከታትሎ ያየ ሰው ግን ምክር ቤት የዲፕሎማሲ ክንድ ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል፤ ሚኒስትሩ ለድርድር ሲቀመጡ ከኋላቸው የአገር ሕግ ነበር። ስምምነቱ በስድስት አገሮች ከጸደቀ በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ግድቡም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ተመረቀ።

ብድር እንዴት ጮቄ ድረስ ይመጣል?

ዲፕሎማሲ ለገበሬ የሚደርሰው በዜና አይደለም፤ በገንዘብ ነው። አንድ አገር ድንበር ተሻጋሪ በሆነ ወንዝ ላይ ለሚሠራው መስኖ ወይም ግድብ ከዓለም ባንክ ብድር ቢጠይቅ፣ በባንኩ ደንብ መሠረት ሌሎቹ ተጋሪ አገሮች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ተቃውሞ ከመጣ ፋይሉ ይጓተታል። ለዓባይ ተፋሰስ ይህ ደንብ ለብዙ ዘመን የተዘጋ በር ሆኖ ቆይቷል። አገሪቱ ትልቁን ግድብ በቦንድና በራሷ ገንዘብ ለመሥራት የተነሣችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁሉም በር ተዘግቷል ማለት አይደለም። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራው በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ አዲሱ ድልድይም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ቆሟል፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ዲፕሎማሲን በየጉዞው ይሻገረዋል። በአንጻሩ በጨሞጋና በየዳ ወንዞች ላይ የታቀደው የኃይል ማመንጫ ለብዙ ዓመታት ከዕቅድ አላለፈም። ዕቅድ በብዙ ምክንያት ሊቀር ይችላል፤ የቀረበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ግን የጠያቂው ሥራ ነው።

አሁን የሚጠየቀው

ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ስለ ዓባይ በምክር ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ ግድቡን ያሠሩናል ወይ? ያ ጥያቄ ተመልሷል። ቀጣዩ ከግድቡ በላይ ያለው አገር ነው፤ እሱ ደግሞ ጎጃምን ይዟል።

ነሐሴ ላይ ከደብረ ማርቆስ ዳር ቆሞ ጨሞጋን ያየ ሰው ውኃ አየሁ አይልም፤ የተበጠበጠ አፈር ነው የሚፈሰው። ያ አፈር ከጮቄ ተዳፋት፣ ከጤፍና ከገብስ ማሳ የታጠበ ነው። ቀድሞ ሱዳን ውስጥ ሮዜሬስና ሴናር ግድቦች ላይ እየተከማቸ የሱዳንን ውኃ መያዣ ሲያጠብ ኖሯል። ዛሬ ግን መንገድ ላይ የኛው ግድብ አለ፤ ደለሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ከእሱ ነው። በጮቄ ላይ የሚሠራ እርከን እንግዲህ የግብርና ሥራ ብቻ አይሆንም። ለራሳችን ግድብ ዕድሜ ነው፤ ከሱዳን ጋር ለሚደረግ ንግግርም በእጅ የሚያዝ ቁም ነገር ነው።

ሥራ ላይ የዋለው ስምምነትም ግዴታ አምጥቷል። አባል አገሮች ስለሚያቅዷቸው ሥራዎች በስምምነቱ በሚቋቋመው ኮሚሽን በኩል መረጃ ይለዋወጣሉ። ኢትዮጵያ ለዓመታት «ይጽደቅ» ስትል የኖረችውን ሰነድ አሁን ራሷ ልትሠራበት ነው። ግብፅና ሱዳን ግን እስካሁን ከውጭ ናቸው።

ጥያቄውን ከማሳው እስከ ምክር ቤቱ የሚያደርሰው መንገድ በአሁኑ ጊዜ መጥበቡም ሊሸሸግ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ተወካይና መራጭ እንደ ድሮው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ዕድል ተመናምኗል። መራጩን ያላገኘ ተወካይ ደግሞ የሚጠይቀው ከሪፖርቱ ያነበበውን ነው።

በ1918 ዓ.ም. የለንደን ምክር ቤት አባላት ስለ ጣና የጠየቁት ጎጃምን ሳያውቁ ነው። ቢሆንም ጥያቄያቸው ቁርጥ ያለ ስለ ነበር ሚኒስትሩን አፍ አውጥተው «አናስገድድም» አሰኝቷል። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ ተወካይ ያን ያህል ቁርጥ ያለ ጥያቄ አያጣም፦ በጨሞጋ ላይ መስኖ ለመሥራት ብድር ተጠይቆ ያውቃል? ከተጠየቀ ለየትኛው አበዳሪ፣ መቼ ተጻፈ? ማን ተቃወመ? ሚኒስቴሩስ ለተቃውሞው ምን ብሎ መለሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች «ብሔራዊ ጥቅማችንን ባስከበረ መልኩ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የደብዳቤው ቀንና ቁጥር ይፈለጋል።