ዝናብ የሚበትነው፣ በጋ የሚያተርፈው፦ የናይሮቢ ወንዞች ዓሣ

የዓሣ ማኅበረሰብ የሚባለው በአንድ የወንዝ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ አብረው የሚኖሩ የዓሣ ዝርያዎች ስብስብ ሲሆን፣ ቅርጹን የሚወስኑት ወቅትና የመኖሪያ ሥፍራ፣ ማለትም የውሃው ጥልቀት፣ ፍጥነት፣ ወለልና የዳር እጽዋት ናቸው። በምድር ወገብ አጠገብ የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ወቅትን የሚለየው ዝናቡ ነው፤ ናይሮቢም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ አጭሩን ዝናብ ስለምታገኝ፣ የወንዞቿ ዓሣዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይስፋፋሉ፣ ሁለት ጊዜም ይሰበሰባሉ።

ኪኩዩ ከተማ ካለው የኦንዲሪ ረግረግ የሚነሳው የናይሮቢ ወንዝ የማታሬንና የንጎንግን ውሃ ተቀብሎ ወደ አቲ ወንዝ ይገባል፤ አቲም ጋላና፣ ቀጥሎም ሳባኪ እየተባለ ማሊንዲ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ድንጋያማውን ፈጣን ውሃ የሚወዱት ዓለት ላይ መጣበቅ የሚችለውን ጋራን የመሳሰሉ ዓሣዎች ሲሆኑ፣ ትናንሾቹ ባርበሶች በዳር ሣር ውስጥ ይጠለላሉ፤ የቆሮሶ ዘመድ የሆነው የአቲ ቲላፒያ ግን እንስቲቱ እንቁላሏን በአፏ ስለምትታቀፍ ረጋ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ዝናቡ ሲመጣ ትልልቆቹ ባርበሶችና ሌቢዮ እንቁላል ለመጣል ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የጣና ሐይቅ ባርበሶች በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚያደርጉት ጉዞም የዚሁ ዓይነት ነው።

በጋ ሲገባ ወንዙ ይጎድልና ዓሣው ጠለቅ ባሉት የወንዝ ኩሬዎች ይከማቻል፤ በዚያም የሚሟሟው ኦክሲጅን ስለሚያንስ አየር መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ሲቋቋመው ሌሎቹ ይሳሳሉ። ዝናብ የሚያባዛውና የሚበትነው እንግዲህ በጋው ያተረፈውን ብቻ ነው። ባለሙያው መረቡ የያዘውን ሲቆጥርም ይህን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ዓሣው በበጋ በጠባብ ውሃ ታጭቆ ስለሚገኝ ብዙ መስሎ ይታያል፣ በዝናብ ወቅት ግን በሰፊ ውሃ ስለሚበተን በቁጥር ቢበዛም መረቡ ጥቂት ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የተወሰደ ናሙና አሳሳች ነው።

ከተማዋ ያዛባችው ይህንኑ የመጠጊያ ሥርዓት ነው። በከተማው ክልል ውስጥ በበጋ ከሚፈሰው ውሃ ብዙው ያልተጣራ ፍሳሽ በመሆኑ፣ ዓሣው ሊጠለልበት የሚገባው ኩሬ በካይ የሚከማችበት ቦታ ይሆናል፤ በጋው ሲያበቃ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ከመንገድና ከጋራዥ ያጠበውን ዘይትና ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ፣ ለመራባት መጥሪያ የነበረው ጎርፍ የአደጋ ምክንያት ይሆናል። በ1953 እ.ኤ.አ. በንጎንግ ወንዝ ላይ የተሠራው የናይሮቢ ግድብም ለረጅም ጊዜ በእምቦጭ ተሸፍኖ ኖሯል፤ እምቦጭ ደግሞ ብርሃን ከልክሎ፣ ሲበሰብስም ኦክሲጅን አሟጦ፣ እንደ አምባዛ ላሉ ቻይ ዝርያዎች ካልሆነ በቀር የማይመች መኖሪያ ይፈጥራል።

የጠፉት ዝርያዎች ከታች ተመልሰው ይመጣሉ የሚለው ተስፋም ብዙ አያስተማምንም፤ የናይሮቢ ወንዝ ከአቲ ጋር ከሚቀላቀልበት በታች፣ ቲካ አካባቢ የሚገኘው የፎርቲን ፎልስ ፏፏቴ ብዙዎቹን ዓሣዎች ወደ ላይ እንዳያልፉ ይገታልና። ስለዚህ ዘሩ ሊተርፍ የሚችለው በላይኞቹ ገባሮችና የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክን በደቡብ በሚያዋስነው እንደ ምባጋቲ ባለ ወንዝ ውስጥ ባሉት ኩሬዎች ነው። ወንዞቹን ለማደስ የሚወጣው ዕቅድ ከዳር ልማትና ከቆሻሻ ለቀማ በፊት እነዚህን ኩሬዎች በበጋ ለይቶ መመዝገብ፣ ፍሳሽ እንዳይደርስባቸውና በፓምፕ ተስበው እንዳይደርቁ ማድረግ፣ ጥላ የሚሰጣቸውንም ዛፍ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ በዝናብ ወራት የሚታየው የውሃ ብዛት የወንዙን ጤና ሊያመለክት አይችልም።