የጌቴሴማኒ ወይራዎች

ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ በስተምሥራቅ፣ የቄድሮን ሸለቆ ማዶ፣ በደብረ ዘይት ግርጌ በአጥር የተከለለች ጠባብ የአትክልት ቦታ አለች። ስምንት ያረጁ የወይራ ዛፎች ቆመውባታል። ግንዳቸው ተጠማዝዞ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ውስጡ ባዶ ሆኗል። የደረቀ ከሚመስለው ግንድ ግን ዛሬም ቅጠል ይወጣል፤ ፍሬውም ይለቀማል።

ማቴዎስና ማርቆስ ቦታዋን ጌቴሴማኒ ብለው ሲጠሯት፣ አትክልት እንደነበረባት የሚነግረን ዮሐንስ ነው። ክርስቶስ ከመጨረሻው እራት በኋላ ወደዚህ መጣ። ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ከሌሎቹ ፈቀቅ አለ፤ ሦስት ጊዜ ጸለየ፣ ሦስቱም ጊዜ ሲመለስ ደቀ መዛሙርቱን ተኝተው አገኛቸው። ይሁዳም እየመራ ያመጣቸው ሰዎች የያዙት እዚሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ከኤደን ጋር አያይዘው ያስተምራሉ፦ ቀዳማዊው አዳም በገነት ትእዛዝ አፈረሰ፤ ዳግማዊው አዳም በአትክልቱ ስፍራ እስከ ሞት ታዘዘ። የእኛው ጸሎተ ሐሙስም ስሙን ያገኘው ከዚያች ሌሊት ጸሎት ነው።

ዛፎቹ ያንን ሌሊት አይተዋል? ብዙ ተሳላሚ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት የሦስቱ ግንድ ዕድሜ ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ፤ የሌሎቹ ግንድ ውስጡ ስላለቀ መለካት አልተቻለም። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ከተማዋን ሲከብቡ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ እንደጨፈጨፉት ጽፏል። ወይራ ግን ቢቆረጥም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ የግንዱ ዕድሜ የሥሩን ዕድሜ አይነግረንም። ከሁሉ የሚደንቀው ሌላው ውጤት ነው፦ ስምንቱም በዘረመል አንድ ናቸው፣ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስደው የተተከሉ። አንድ የተከበረ ወይራ ዘሩ እንዳይጠፋ የተጨነቀ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሕንፃዎቹ እንደ ዛፎቹ አልጸኑም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው ቤተ ክርስቲያን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፤ መስቀላውያን የተኩትም አልቆየም። ዛሬ የሚታየውን፣ ብዙ አገሮች ገንዘብ ያዋጡለትን የሕዝቦች ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አንቶኒዮ ባርሉዚ እ.ኤ.አ. በ1924 አጠናቀቀው። መስኮቶቹ ሐምራዊ በመሆናቸው ውስጡ በቀትርም ምሽት ይመስላል፤ በመንበሩ ፊት ክርስቶስ የጸለየበት ነው የሚባለው ዓለት ይታያል።

ለኢትዮጵያዊ ምእመን ጌቴሴማኒ ሌላም ትርጉም አላት። ከአትክልቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከ40 በላይ ደረጃዎች ወደ ምድር ውስጥ የሚያወርዱበት የእመቤታችን መቃብር አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐረፈች፤ ሥጋዋም በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር ቆየ። ሐዋርያት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው ሁለት ሱባዔ ጾሙ፤ በ14ኛው ቀን ሥጋዋ ተሰጥቷቸው በጌቴሴማኒ ቀበሯት፣ ነሐሴ 16 ቀን ተነሣች። ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ፍልሰታ መነሻው ይህ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ የልጁን ጭንቀትና የእናቱን ትንሣኤ ጎን ለጎን ማሰብ የሚቻልበት ሌላ ስፍራ የለም። ስሟም ወደ አገራችን ዘልቋል፦ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው ሰበታ ያለው የሴቶች ገዳም ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ይባላል።